ሥራ ላይ ተጎድታችሁ ስትመጡ «ቤት ወደቅኩ» አትበሉን



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት እየሆኑ ነው። «ዶክተር፣ ሳይት ላይ ወድቄ እግሬ አበጠ፣ ምን ላድርግ?» «ማሽን ጣቴን ያዘኝ፣ አለቃዬ ግን ሐኪም ቤት ስትሄድ ቤቴ ነው በል አለኝ።» «ከተጎዳሁ ሦስት ወር ሆኖኛል፣ አሁን ማስረጃ ይጻፍልኛል ወይ?» ለእያንዳንዱ በተናጠል መመለስ ስላልቻልኩ (የተረኝነት ፕሮግራማችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ) ሁሉንም በአንድ ላይ ልጻፈው ብያለሁ። ረዘም ይላል፣ ሴቭ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ሥራ ላይ ተጎድታችሁ ድንገተኛ ክፍል ስትመጡ የምትነግሩን ታሪክ ሁለት ነገር ይወስናል። አንደኛ፣ ምን መመርመር እንዳለብን የሚጠቁመን እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ካርዳችሁ ላይ የምንጽፈው እሱን ነው፤ ከወራት በኋላ ስለ ደመወዝና ስለ ካሳ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው ያ ጽሑፍ ነው።

አንድ ታካሚ ላንሳላችሁ (ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ቀይሬዋለሁ)። በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ሁለት ሰዎች በትከሻቸው ደግፈው አመጡትና «ደረጃ ላይ አንሸራቶት ነው» አሉኝ። ሁለቱም ተረከዞቹ አብጠዋል፣ መርገጥ አይችልም፣ ሱሪው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ። ደረጃ ላይ አንሸራቶት ሁለቱን ተረከዝ እኩል የሚጎዳ ሰው ብዙም አይገጥመንም። አስታማሚዎቹን «ውጪ ጠብቁ» ብዬ ብቻውን ስጠይቀው ከሁለተኛ ፎቅ፣ ከካሳፎርማ ላይ መውደቁን ነገረኝ። «ደረጃ ነው በል» ያለው ከጎኑ ቆሞ የነበረው ፎርማን ነው።

አሁን ይሄ ለሕክምናው ምን ለውጥ ያመጣል? ሰው ከከፍታ ወድቆ በእግሩ ሲያርፍ ምቱ ተረከዝ ላይ አያልቅም። በቅልጥም በዳሌ አድርጎ ወደ ወገብ አጥንት ይወጣል። ስለዚህ ከፎቅ ወድቆ ተረከዙ የተሰበረ ሰው «ወገቤን አያመኝም» ቢልም ወገቡን ራጅ እናነሳዋለን፤ የተረከዙ ሕመም ስለሚያይል የወገቡን ላይሰማው ይችላል። የዚህ ልጅ የወገብ አጥንትም ተሰብሮ ነበር። ታሪኩ «ደረጃ» ሆኖ ቢቀር ኖሮ እግሩ ላይ ጀሶ ተደርጎለት፣ ክራንች ይዞ፣ በሚኒባስ እየተንገጫገጨ ቤቱ ይሄድ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ጓደኛችሁ ሲወድቅ ወይም ማሽን ሲይዘው መጀመሪያ የራሳችሁን ደህንነት እዩ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ሳያጠፉ መንካት፣ ጉድጓድ ወይም ታንከር ውስጥ የወደቀውን ለማውጣት ተከትሎ መግባት አንዱን ተጎጂ ሁለትና ሦስት ያደርገዋል። የመጸዳጃና የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚከማቸው ጋዝ በጥቂት ትንፋሽ ራስን ያስታል፤ «ፈጥኜ አወጣዋለሁ» የሚባልበት ቦታ አይደለም። ኤሌክትሪኩን አጥፉ፣ ማሽኑን አቁሙ፣ ሰው ጥሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939 አለ። ሁለቱንም አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ በጭንቅ ሰዓት ቁጥር አይታወስም።

ከከፍታ የወደቀን ሰው እጅና እግሩን ይዛችሁ አንጠልጥላችሁ ባጃጅ ውስጥ አታጥፉት። በደግነት ነው የሚደረገው፣ ይገባኛል። ነገር ግን የተሰበረ የአንገት ወይም የወገብ አጥንት ሲታጠፍ ነርቩን ሊቆርጠው ይችላል፤ በራሱ እግር ሊራመድ ይችል የነበረ ሰው ዳግም ሳይራመድ ይቀራል። እሳት ወይም ሊደረመስ የሚችል ነገር ከሌለ ባለበት ይቆይ፣ አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱ እንዳይዞር ያድርግ። አምቡላንስ የግድ ካልተገኘ ሰፊና ጠንካራ ሳንቃ ላይ አንገቱን፣ ጀርባውንና ዳሌውን እኩል አንስታችሁ አስተኙትና በፒክአፕ ውሰዱት።

ደም ለሚፈስ ቁስል ደግሞ ንጹህ ጨርቅ አድርጋችሁ በእጃችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። በየደቂቃው «ቆመ ወይ?» እያላችሁ አትግለጡት፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳታነሱ ያዙት። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት። የተሰካ ነገር ካለ (ፌሮ፣ ምስማር፣ የመስታወት ስባሪ) አትንቀሉት፤ ደሙን ይዞት ያለው እሱ ሊሆን ይችላል። ከቁስሉ በላይ አጥብቆ ማሰር የሚመጣው በመጫን ያልቆመ፣ ሕይወት የሚያሰጋ የእጅ ወይም የእግር ደም ሲሆን ብቻ ነው። ካሰራችሁ ደግሞ ሰዓቱን ጻፉ፤ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እሱን ነው።

እጅ ከተጎዳ ወዲያው ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ጣቱ ሲያብጥ ቀለበቱ የደም ስሩን ያንቀዋል፣ እኛም የሠርግ ቀለበታችሁን በመቁረጫ ለመቁረጥ እንገደዳለን።

የተቆረጠ ጣት

የእንጨት ሥራ ቤትና የሥጋ መፍጫ ማሽን ላይ የምትሠሩ ይህንን በደንብ አንብቡት። የተቆረጠ ጣት ይጣል ማለት አይደለም። በንጹህ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት፣ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ወይም ፋሻ ጠቅልሉት፣ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አስገብታችሁ እሰሩት፣ ከዚያ ላስቲኩን በረዶና ውሃ ያለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ አኑሩት። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም፤ በረዶ ሥጋውን ያቃጥለዋል፣ ከዚያ በኋላ መልሶ መስፋት አይቻልም። አልኮል ውስጥም አትዘፍዝፉት። መልሶ የመግጠም ቀዶ ሕክምና በየሆስፒታሉ የለም፣ ለሁሉም ጉዳትም አይሠራም። ቢሆንም አምጡት፤ ባይገጠም እንኳ ቆዳው ቁስሉን ለመሸፈን ሊያገለግል ይችላል።

ዓይን

ድንገተኛ ክፍል ስሠራ እጅግ የሚያናድደኝ የዓይን ጉዳት ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው በአንድ መነጽር የሚቀር ነበር።

ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ በረኪና፣ የባትሪ አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወደ ሐኪም ቤት አትሩጡ፤ መጀመሪያ ወደ ቧንቧ ሩጡ። የዓይን ሽፋኑን በጣት ከፍታችሁ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እጠቡ። ኖራና ሲሚንቶ በተለይ ክፉ ናቸው፤ አሲድ ከሚያደርገው በላይ ወደ ውስጥ እየበሉ ይሄዳሉ። ታክሲ ስትጠብቁ የሚያልፈው 20 ደቂቃ ብርሃናችሁን ሊወስድ ይችላል። ታጥባችሁ ስታበቁ ነው ወደ ዓይን ሐኪም የምትሄዱት። አዲስ አበባ ላሉት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

ብረት በመዶሻ ስትመቱ ወይም በግራይንደር ስትቆርጡ «ትንሽ ነገር ገባብኝ» ካላችሁና ማየታችሁ ከደበዘዘ፣ ዓይኑን አትሹት፣ አትጫኑት፣ ጓደኛችሁ በክብሪት እንጨት እንዲያወጣላችሁ አትፍቀዱ። ስንጥሩ ዓይኑን በስቶ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። የወረቀት ሲኒ ዓይኑ እንዳይነካ አድርጋችሁ ከላይ ሸፍኑትና ኑ። ስትመጡም «ብረት በብረት ስመታ» ብላችሁ ንገሩን፤ ይህችን ቃል ስንሰማ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን እናዛለን። «አቧራ ገባብኝ» ካላችሁን ግን ጠብታ ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

በያጆች ማታ ላይ ዓይናቸው አሸዋ የተሞላ ያህል ሲቆረቁራቸውና ሲያነባ ወተት ጠብ ያደርጋሉ። ወተቱ ጀርም ይዞ ይገባል እንጂ አያድንም። የብየዳ ቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል፤ የሚያስፈልገው እረፍት፣ የሚዋጥ ማስታገሻና የዓይን ቅባት ነው። አንዳንዶች የሚያደነዝዝ የዓይን ጠብታ ገዝተው በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። እባካችሁ! ያ ጠብታ ለሐኪሙ መመርመሪያ ነው፤ ደጋግማችሁ ከተጠቀማችሁበት የዓይናችሁ ብሌን ቁስሉ ሳይድን ይቀራል።

ቃጠሎ፣ ኤሌክትሪክ፣ ምስማር፣ መርፌ

እንጀራ ጋጋሪዎች፣ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኞች፣ ጋራዥ የምትሠሩ፣ ለተቃጠለ ቆዳ 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው መድኃኒቱ። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት አይደረግም፤ እኛ እሱን ከቁስሉ ላይ ስንጠርግ ሕመሙ ከቃጠሎው ይብሳል። ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ወይም ከእጃችሁ መዳፍ ከጥቂት እጥፍ በላይ የሚሰፋ ከሆነ ቤት አትቆዩ። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 እና አቤት ሆስፒታሎች ቃጠሎ ያክማሉ። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የሲሚንቶ ቃጠሎ ነው። እርጥብ አርማታ ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲዋል ቆዳውን ቀስ ብሎ ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ማታ ነው፣ ያኔ ቁስሉ ጠልቋል። ጫማችሁ ውስጥ ሲገባ ያኔውኑ አውልቃችሁ ታጠቡ።

ኤሌክትሪክ ያስደነገጠውን ሰው በላዩ በሚታየው ቁስል አትለኩት። መግቢያና መውጫው ትንንሽ ነጥብ ሆኖ በመሐል ያለው ጡንቻ ሊበስል ይችላል። ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ልቡ ዘለል ዘለል ካለች፣ ወይም የያዘው ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር ከሆነ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) የግድ ነው። ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊቱን እየዘጋው ነው ማለት ነው። ያኔ ፋርማሲ ገብቶ ዳይክሎፌናክ መወጋት ኩላሊቱን የበለጠ መጉዳት ነው።

ምስማር የረገጠ ሰው ክትባት ያስፈልገዋል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ምልክት በአብዛኛው ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚጀምረው፣ ከጀመረ ደግሞ ብዙ ይገድላል። በእኛ አገር ሴቶች በእርግዝና ወቅት ስለሚከተቡ የተሻለ ጥበቃ አላቸው፤ ወንዱ ግን አብዛኛው ከሕፃንነቱ ወዲህ ተከትቦ አያውቅም፣ ሳይት ላይ ምስማር የሚረግጠው ደግሞ እሱ ነው። ቆሻሻ ለነካው ቁስል የመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈው ይደገማል፣ ለንጹህ ቁስል 10 ዓመት። መቼ እንደተከተባችሁ ካላስታወሳችሁ እንዳልተከተባችሁ እንቆጥራለን።

የክሊኒክና የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን ለብቻ ልጥራ፣ ምክንያቱም ነርሱና ሐኪሙ ሲወጋ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ የተጣለ መርፌ የምትወጋቸው እናቶች ግን ዝም ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ቦታውን በውሃና ሳሙና ታጠቡ፣ አትጭመቁት፣ ከዚያ በዚያው ሰዓት ለኃላፊ ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፤ የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። ከኤችአይቪ ታማሚ መርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች የሚያዙት ወደ 3 ገደማ ናቸው፣ ስለዚህ አትሸበሩ። ያልተከተበ ሰው ላይ ሄፓታይተስ ቢ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይተላለፋል፤ የእሱን ክትባትም ጠይቁ።

አንድ የማይረሳ ነገር ልጨምር። የግሪስ ወይም የቀለም መርጫ በከፍተኛ ግፊት ጣት ላይ ከተተኮሰ የሚታየው መርፌ የምታህል ቀዳዳ ናት፣ ሕመሙም መጀመሪያ ቀላል ነው። ውስጥ ውስጡን ግን ግሪሱ በጅማቱ ሽፋን ተከትሎ እስከ መዳፍ ይሄዳል። በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ ጣቱ ይቆረጣል። የጋራዥ ልጆች፣ ነገ አትበሉ።

ወጌሻ

ይሄን ስጽፍ የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አያቴም ወለምታዋን የታሸችው ወጌሻ ጋ ነው። ወለምታና ስብራት ግን በዓይን አይለዩም፤ የሚለየው ራጅ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የተሰበረ ክንድ ወይም እግር በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነው። ስብራት ሲያብጥ ቦታ ይፈልጋል፤ ማሰሪያው ቦታ ሲከለክለው ደሙ ወደ ጣቶች መድረስ ያቆማል። ጡንቻ ያለ ደም ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። ስብራቱ በጀሶ ብቻ የሚድን ሆኖ ሳለ ከሦስት ቀን በኋላ ጣቶቹ ጠቁረው መጥተው ክንዳቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ።

ወጌሻም አሰረው እኛም ጀሶ አደረግን፣ ምልክቱ አንድ ነው። ሕመሙ በማስታገሻ እየበረደ መሄድ ሲገባው እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ ሲዘረጋቸው ካስጮኸው፣ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ «እስከ ጠዋት ልታገሥ» አይባልም። ሌሊትም ቢሆን ይፈታ፣ ኑ። እጅ ወይም እግር ከባድ ነገር ሥር ተጨፍልቆ ከነበረ አጥንት ባይሰበርም ይሄው ሊከሰት ይችላል።

ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሰዎች ደግሞ «ደህና ነኝ» ብለው ቤት ይሄዱና ሌሊት ይከፋባቸዋል። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ብቻቸውን አይደሩ። ደጋግሞ ማስመለስ፣ ለመቀስቀስ ማስቸገር፣ ንግግር መደባለቅ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹህ ፈሳሽ መውጣት ከታየ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

ለሐኪሙ ምን ትነግራላችሁ?

በአጭሩ፦ ሥራ ላይ መሆኑን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ምን ስትሠሩ እንደነበረ፣ ከምን ያህል ከፍታ ወይም በየትኛው ማሽን፣ ራሳችሁን ስታችሁ እንደነበረ። ከዚያ «ሥራ ላይ መሆኑ ካርዴ ላይ ይጻፍልኝ» በሉ። ነውር የለውም፣ መብታችሁ ነው። ካርዱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ስትወጡ «ጽፈውታል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅም ትችላላችሁ። አለቃችሁ አብሯችሁ ከመጣና በፊቱ ለመናገር ከፈራችሁ «ሐኪሙን ለብቻዬ ማናገር እፈልጋለሁ» በሉን፣ እናስወጣዋለን።

የካርድ ቁጥራችሁን፣ የራጅ ፊልሙን፣ የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ደረሰኙን፣ የሪፈር ወረቀቱን ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ዋናውን ለመሥሪያ ቤት አስረክባችሁ ባዶ እጃችሁን አትቅሩ። ቁስሉን፣ የወደቃችሁበትን ቦታ፣ የተሰበረውን መወጣጫ ፎቶ የሚያነሳላችሁ ጓደኛ ካለ ያንሳ፤ በማግስቱ ቦታው ይጸዳል። ለቀጣሪው ደግሞ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ። የቴሌግራም መልእክት እንኳ ከምንም ይሻላል፣ ቀንና ሰዓት አለው።

«ቤት ነው በል» የሚለው ምን ያስከፍላል?

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ታካሚዎቼ በዚህ ስለሚጎዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቤዋለሁ፣ እናንተም አንብቡት። ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ። ተራ የሕመም ፈቃድ ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ለተከታዮቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶ ነው።

በቁጥር እንየው። ደመወዙ 8000 ብር የሆነ ሰው እግሩ ተሰብሮ ስድስት ወር ቢተኛ፣ «ቤት ወደቅኩ» ካለ የሚያገኘው 16,000 ብር ነው። «ሥራ ላይ» ከተባለ 42,000 ብር ነው። የሕክምናው፣ የቀዶ ጥገናውና የመድኃኒቱ ወጪም በሥራ ላይ ጉዳት ከሆነ የአሠሪው ነው፤ ሰው ሠራሽ እግር ወይም ሌላ መደገፊያ ካስፈለገም እንደዚያው። «አሳክምሃለሁ፣ አንተ ብቻ ቤት ነው በል» የሚለው አለቃ የመጀመሪያውን ራጅ ከፍሎ ስልኩን ሲያጠፋ የሚተርፋችሁ ያ ካርድ ብቻ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስለዚህ ምንም አይገባኝም» የሚሉኝም ብዙ ናቸው። ሕጉ አሠሪውን ተጠያቂ የሚያደርገው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። የማይመለከተው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ እያወቀ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ሄልሜትና ቀበቶ ከተሰጣችሁ አድርጉት፣ ለራሳችሁም ለጉዳያችሁም። መሥሪያ ቤቱ ባቀረበው ሰርቪስ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ የሚደርስ አደጋም የሥራ ላይ አደጋ ነው። የቀን ሠራተኞች «ውል የለኝም» ትላላችሁ፤ የሥራ ውል በቃልም ይደረጋል። አብረዋችሁ የሠሩ ሰዎችን ስልክ ያዙ። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ነው የምትተዳደሩት፣ የቤት ሠራተኞችም በዚህ አዋጅ አትሸፈኑም፤ ቢሆንም ለሐኪሙ እውነቱን መንገር ለእናንተም እኩል ይሠራል። አሠሪው እምቢ ካለ በየክፍለ ከተማው ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የይርጋ ጊዜ ስላለ «ሲሻለኝ እሄዳለሁ» አትበሉ።

ሜዲካል ቦርድ

ቦርድ ማለት ሐኪሞች ተሰብስበው የቀረውን ጉዳት በመቶኛ የሚወስኑበት ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ቦርድ ጻፍልኝ» የሚለኝ ሰው አለ፤ ጣቱ ገና እያበጠ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ማን ያውቃል? ሕክምናው አልቆ፣ አጥንቱ ጠግኖ፣ ፊዚዮቴራፒው ተሠርቶ የቀረው ነው የሚለካው። ሕጉ የሚቻል ከሆነ ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወራት ውስጥ እንዲወሰን ይላል። ስለዚህ አትቸኩሉ፣ ግን ቀጠሮ አታቋርጡ። ፊዚዮቴራፒ ላይ ሳይሄዱ የደረቀ እጅ ይዞ ቦርድ መቅረብ በመቶኛው ላይ ጥቂት ይጨምር ይሆናል፣ እጁ ግን ዕድሜ ልክ የእናንተ ነው።

የወገብ ሕመም ይዘው የሚመጡ ጫኝና አውራጆችን ግን ለወር አላስተኛም። ስብራት ከሌለ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት ወገቡን ያደርቀዋል፤ ቀላል ሥራ ተሰጥቷችሁ መንቀሳቀስ ይሻላል፣ ይህንንም በወረቀት እንጽፋለን። እግር ከሰነፈ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው። ሌላው፣ ጓደኛው አጠገቡ ወድቆ የሞተበት ሰው ወር አልፎም እንቅልፍ ካጣ፣ መወጣጫ ሲያይ ካላበው፣ ይሄም ጉዳት ነው። ፈሪ ሆኖ አይደለም። ሲመጣ ይናገር፣ የሥነ አእምሮ ክፍል እንልከዋለን።

እና «ከሦስት ወር በኋላ ማስረጃ ይጻፍልኛል ወይ?» ላላችሁኝ። ያላየሁትን አደጋ «ሥራ ላይ ነው» ብዬ መጻፍ አልችልም፣ ማንም ሐኪም አይችልም። የምጽፈው ዛሬ ያየሁትንና እናንተ የነገራችሁኝን ነው፣ «ታካሚው እንደተናገረው» ብዬ። መጀመሪያ ወደታከማችሁበት ተቋም ካርድ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሂዱና የሕክምና ማስረጃ በማመልከቻ ጠይቁ፤ ዋናው እዚያ ነው ያለው። የዚያን ቀን «ቤት ነው» ብላችሁ ከሆነ የተጻፈው አይሰረዝም። ግን ለክትትል ስትሄዱ እውነቱን ተናገሩ፣ ለምን መጀመሪያ እንደዚያ እንዳላችሁም ጭምር፤ ሐኪሙ የዕለቱን ቀን አድርጎ ከሥሩ ይጨምረዋል። ቀጣዩ ቀጠሮ ሩቅ ከሆነ አትጠብቁት፣ በዚህ ሳምንት ሂዱ።